አትክልትን ከኋለኛ ውርጭ ስለ መጠበቅ

የቤት ሀብት የሚጠፋበት መንገድ ብዙ ነው። አንዳንዱ በሌባ፥ አንዳንዱ በእሳት፥ አንዳንዱም በባለቤቱ አባካኝነት ይጠፋል። ነገር ግን በር ሳይሰብር፥ ውሻ ሳያስጮህ፥ ኮቴም ሳያሰማ ገብቶ የብዙ ወር ድካም በአንዲት ሌሊት የሚወስድ አንድ ጠላት አለ፤ ስሙም ውርጭ ይባላል። ዛሬ በዚህ በቤተሰብ ገጽ ልንነጋገርበት ያሰብነው የጓሮ አትክልትን ከዚህ ጠላት ስለ መጠበቅ፥ ይልቁንም ብርዱ አለፈ ከተባለ በኋላ ስለሚመጣው ስለ ኋለኛው ውርጭ ነው።

አባቶቻችን ምድሪቱን እንደ አየሯ ከፍለው በረሓ፥ ቆላ፥ ወይና ደጋ፥ ደጋ ብለው ሰይመዋታል፤ ከሁሉ በላይ ያለውንም ከፍተኛ ስፍራ በዚሁ በብርዱ ስም ውርጭ ብለው ጠርተውታል። ይሁን እንጂ ውርጭ በስሙ በተጠራው ስፍራ ብቻ ተወስኖ አይቀመጥም። ሰማይ በጠራበት ሌሊት ወደ ደጋው ይወርዳል፤ በሸለቆና በወንዝ ዳር በኩልም ወደ ወይና ደጋው ጫፍ ይደርሳል። የሚበረታውም ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፥ ከዚያም ውስጥ በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ የክረምቱ ዝናም ካቆመ በኋላ ሰማዩ ይጠራልና፥ አየሩም ይደርቃልና። በእነዚህ በሁለቱ ወሮች ባለ አትክልት ሁሉ ይጠነቀቃል። ብዙ ጥፋት የሚደርሰው ግን ሰው ተጠንቅቆ ተጠንቅቆ ልቡን ባሳረፈበት በመጨረሻው ጊዜ ነው።

ይህን የምጽፈው በቤቴ ከደረሰው ነገር ተነሥቼ ነው። ጥቂት ዓመት ይሆናል፤ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ከምትገኘው ከደብረ ብርሃን ከተማ አጠገብ ስንኖር፥ ባለቤቴ በኅዳር መዠመሪያ አራት መደብ ድንች ተከለች፤ የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚያገኘው የድንጋይ ግንብ ሥርም ጥቂት የቲማቲም ችግኝ አቆመች። ውኃውን ከምንጭ በቦይ እናመጣ ነበር። አሳቧም ድንቹ በዐቢይ ጾም እኩሌታ እንዲደርስልንና ለቤተሰቡ ምግብ እንዲሆን፥ መልካም መልካሙም ለሚመጣው ዓመት ዘር ተመርጦ እንዲቀመጥ ነበር። ቡቃያው ብቅ ካለ ዠምሮ ማታ ማታ ጆንያና አሮጌ ጋቢ እያለበስን፥ ጧት ጧት እየገለጥን ከሃምሳ ሌሊት በላይ ጠበቅነው።

የጥምቀት በዓል አለፈ። ቀኑም ሞቀ፤ ድንቹም አበባ አወጣ። ከበዓሉ በኋላ በአንድ ማታ ባለቤቴ እንደ ልማዷ ጆንያዎቹን ስታወጣ፥ እኔ በበረንዳው ላይ የሰቀልሁትን የሙቀት መለኪያ ተመልክቼ፥ «ገና 9 ዲግሪ ነው፤ ብርዱም ወሩ አልፏል፤ ዛሬስ ተዪው፥ ሠራተኞቹም ይረፉ» አልኋት። እርስዋም፥ «ሰማዩ እኮ አንድ ደመና የለበትም» አለችኝ። እኔ ግን መለኪያዬን አመንሁ። ሲነጋ ተነሥቼ ባየው 3 ዲግሪ ያመለክታል። ደስ እያለኝ ወደ አትክልቱ ብወርድ መደቡ ሁሉ ነጭ አመዳይ ለብሶ አገኘሁት። ፀሐይ ባረፈበት ጊዜ ቅጠሉ እንደ ተቀቀለ ጎመን ሟሸሸ፤ እኩለ ቀንም ሳይሆን ጠቆረ።

ባለቤቴ አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገረችኝም። ጆንያዎቹን አንድ በአንድ አጥፋ ወደ ጎተራው መለሰቻቸው። ብትወቅሰኝ ይቀለኝ ነበር።

ከእኛ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ የሚኖሩ አንዲት ባልቴት ነበሩ። ፊደል አልቈጠሩም፤ መለኪያም የላቸውም። የእርሳቸው ድንች ግን እንደ ለመለመ ቆሞ ነበርና ወደ እርሳቸው ወጥቼ፥ «እሜቴ፥ ብርዱ እንደሚመጣ በምን ዐወቁ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እርሳቸውም፥ «ልጄ፥ ማታ የጎጆዬ ጢስ ወደ ላይ መውጣት እምቢ ብሎ ከጣራዬ በላይ ተኛ። ነፋሱ ዝም አለ፤ ኮከቡም ቀረበኝ። እንዲህ ሲሆን እኔ ወሩን አልጠይቅም፤ አለብሳለሁ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ውርጭ የተጻፈውን ስመረምር፥ የባልቴቲቱ ቃል ከትምህርቱ ጋራ በሁሉ ነገር አንድ ሆኖ አገኘሁት። ምክንያቱም እንደሚከተለው ነው።

ምድር በቀን ከፀሐይ ሙቀት ትቀበላለች፤ በሌሊትም የተቀበለችውን ወደ ሰማይ ትለቃለች። ደመና ቢኖር እንደ ጋቢ ሆኖ ከሚወጣው ሙቀት ብዙውን ይመልስላታል፤ ሰማይ ሲጠራ ግን ሙቀቱ ያለ ከልካይ ይሄዳል። ነፋስ ቢኖር ከላይ ያለውን ሞቃት አየር ከታች ካለው ቀዝቃዛ አየር ጋራ ያቀላቅለዋል፤ ነፋስ ሲያርፍ ግን ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለ ሆነ ከመሬቱ ላይ ይተኛል፥ ሞቃቱም ከበላዩ ይሆናል። የጎጆው ጢስ ጥቂት ወጥቶ እንደ ጣራ የሚዘረጋው ስለዚህ ነው፤ ከላይ ወዳለው ሞቃት አየር ደርሶ ሊያልፈው አይችልምና።

የእኔም መለኪያ አልዋሸም። እርሱ በሰው ቁመት ልክ፥ ከጣራ ሥር ያለውን ነገረኝ፤ ድንቹ ግን የሚኖረው በመሬት ላይ፥ ከባዶ ሰማይ በታች ነው። በጠራና ነፋስ በሌለበት ሌሊት በሁለቱ ስፍራዎች መካከል 3 ወይም 4 ዲግሪ፥ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ ልዩነት ይገኛል። በምሠራበት በፍርድ ቤት ስለ አንድ ስፍራ የመሰከረውን ምስክር ስለ ሌላ ስፍራ አንቀበለውም፤ በገዛ አትክልቴ ግን ይህን ረሳሁት። እንግዲህ የሙቀት መለኪያ ያለው ሰው ከመደቡ መካከል በእንጨት ላይ አስሮ፥ ከመሬት አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጎ ያኑረው።

ውርጭ ቅጠልን የሚገድልበትም መንገድ ይህ ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕዋሳት ውኃ የተመሉ ናቸው። ብርዱ ሲበረታ በመካከላቸው ያለው ውኃ በረዶ ይሆናል፤ ያም በረዶ ከውስጣቸው ውኃቸውን እየሳበ ያደርቃቸዋል፥ ሽፋናቸውንም ያፈርሳል። አየሩ ጥቂት እርጥበት ቢኖረው ነጭ አመዳይ ይታያል፤ እጅግ የደረቀ ሲሆን ግን ምንም ነጭ ነገር ሳይታይ ቅጠሉ ጠቁሮ ያድራል። ስለዚህ «አመዳይ አላየሁምና ውርጭ አልመጣም» ማለት አይገባም።

አትክልትም ሁሉ ብርድን እኩል አይፈራም። ጎመን፥ ካሮት፥ ቀይ ሥር፥ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት መጠነኛ ውርጭ ይችላሉ። ባቄላና አተር በቡቃያነታቸው ይታገሣሉ፤ አበባና እሸት በያዙ ጊዜ ግን ይጎዳሉ። ድንች፥ ቲማቲም፥ ቃሪያ፥ ዱባ፥ ቦሎቄና በቆሎ ጥቂቱን ውርጭ እንኳ አይችሉም፤ የድንች ቅጠል ከዜሮ በታች 2 ወይም 3 ዲግሪ ሲደርስበት ይሞታል። የኮክ ዛፍ ራሱ ጽኑ ነው፤ አበባው በተከፈተ ጊዜ ግን በዚያው ልክ ይረግፋል። በደጅ ከሚተከሉት አበቦችም ጽጌ ረዳ ይታገሣል፤ ዳህልያና ጌራንየም ግን ቶሎ ይጠወልጋሉ። እንግዲህ ልብስ የሚያንሰው ቤት ለማን መዠመሪያ እንደሚያለብስ ከዚህ ይወቅ።

አሁን ወደ ጥበቃው እንመለስ። የጥበቃው ሁሉ ሥሩ አንድ ነው፤ ይኸውም ምድር በቀን የሰበሰበችውን ሙቀት ሌሊቱን በተክሉ ዙሪያ ማቆየት ነው። ይህን የያዘ ሰው የሚከተሉትን ምክሮች በቀላሉ ያስተውላቸዋል።

1ኛ፤ ስፍራን መምረጥ። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውኃ ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል፥ በጎድጓዳም ይጠራቀማል። ብርድ የሚፈራውን ተክል በወንዝ ዳር ካለው ዝቅታ ይልቅ በተዳፋቱ ወገብ ላይ መትከል ይሻላል። አትክልቱ በተዳፋት ላይ ሆኖ ከበታቹ ድፍን የድንጋይ ካብ ቢኖር፥ ካቡ ብርዱን እንደ ግድብ ይይዘዋልና ከታች በኩል ማስወጫ ይከፈትለት። የከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚመታው ግንብ ግን ሙቀቱን ይዞ ሌሊቱን ቀስ እያለ ይሰጣል። በዚያች ሌሊት ከግንቡ ሥር የነበሩት ቲማቲሞቻችን ከጫፋቸው በቀር ድነዋል።

2ኛ፤ ውኃ ማጠጣት። እርጥብ መሬት ከደረቅና ከለሰለሰ መሬት ይልቅ ብዙ ሙቀት ይይዛል። ስለዚህ ውርጭ በሚያሠጋበት ቀን፥ ቢቻል ከዋዜማው ዠምሮ፥ ፀሐይ ሳለች ሥሩ ይጠጣ። ማታ በቅጠሉ ላይ ውኃ መርጨት ግን አይገባም። አፈሩንም በዚያ ሰሞን መኰትኰት ይቅር።

3ኛ፤ ስለ ገለባ። ብዙ ሰዎች ከተክሉ እግር ሥር ገለባ በመጐዝጐዝ ከውርጭ ያዳኑት ይመስላቸዋል። ገለባ ግን የመሬቱን ሙቀት ከታች ይዘጋዋል፤ ከበላዩ ያለውም ቅጠል ከምድሪቱ ሙቀት ተለይቶ ይበልጥ ይበርደዋል። ገለባ ለድርቅ መልካም ነው፤ በውርጭ ሰሞን ግን ከሥር ተነሥቶ መሬቱ ለፀሐይ ይገለጥ። ማታ ገለባውን በተክሉ ራስ ላይ መመለስ ይቻላል።

4ኛ፤ ማልበስ። ፀሐይ ሳትጠልቅ፥ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ፥ ምድር ሙቀቷን ሳትጨርስ ይልበስ። ጆንያ፥ አሮጌ ጋቢ፥ ሰሌን፥ ቅርጫት፥ አፉ የተሰበረ እንስራ፥ ሁሉም ይጠቅማል። ልብሱ እስከ መሬት ወርዶ ዳሩ በድንጋይ ይያዝ እንጂ ከግንዱ ጋራ አይታሰር፤ እንደ ጃንጥላ ቢታሰር ከምድር የሚወጣውን ሙቀት ውጭ ያስቀረዋልና። ላስቲክ ቅጠሉን ከነካው ብርዱን ያሳልፍበታል፤ ስለዚህ በእንጨት ተወጥሮ ከተክሉ ይራቅ። ቀኑን በፀሐይ የዋለ ውኃ የተመላ እንስራ ወይም ጀሪካን ከልብሱ ሥር ቢያድር እንደ ትንሽ ምድጃ ያገለግላል።

5ኛ፤ መግለጥ። ብርዱ የሚጸናው ሊነጋ ሲልና ፀሐይ በምትወጣበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ልብሱ በንጋት ተቸኵሎ አይገለጥ፤ አየሩ እስኪሞቅ፥ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ይጠበቅ። ቀኑን ሙሉ እንደ ተሸፈነ መተው ደግሞ ምድርን ለሚመጣው ሌሊት ስንቅ ያሳጣታል።

6ኛ፤ ችግኝን ማስለመድ። ከመደብ የሚወጣ ችግኝ ከ7 እስከ 10 ቀን ድረስ ጥቂት በጥቂት ብርድና ነፋስ እየለመደ ይውጣ። ዘሩንም ሁሉ በአንድ ቀን አትትከሉ። ሁለትና ሦስት ጊዜ ከፍሎ የተከለ ሰው አንዱ ቢጠፋበት ሌላው ይቀርለታል።

ስለ እሳትም ጥቂት ቃል ልናገር። አንድ ትልቅ እሳት ማንደድ አይጠቅምም፤ የሞቀው አየር ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ያመልጣል፥ በስፍራውም ቀዝቃዛው ከዳር ይገባል። ጢስም ብቻውን ሙቀትን አያግድም። የሚረዳው በየስፍራው የተበተነ ብዙ ትንንሽ እሳት ነው። በፈረንሳይ አገር፥ ሻብሊ በተባለው የወይን ምድር፥ ገበሬዎች በወይኑ ረድፍ መካከል ብዙ ሻማ የሚያበሩት ስለዚህ ነው። በዚያው አገር ሌሊቱን ሁሉ በወይኑ ላይ ውኃ የሚረጩም አሉ፤ ውኃ በረዶ ሲሆን ሙቀት ይሰጣልና። አንድ ሊትር ውኃ በረዶ ሲሆን የሚሰጠው ሙቀት፥ ያው ውኃ ከ80 ዲግሪ ወደ ዜሮ ሲቀዘቅዝ ከሚሰጠው ጋራ እኩል ነው። ነገር ግን መርጨቱ በረዶው ቀልጦ እስኪያልቅ ድረስ ለአንድ አፍታ እንኳ ቢቋረጥ ጥፋቱ ከፊተኛው ይብሳል፤ ስለዚህ ያለ መሣሪያ በቤት የሚሞከር አይደለም።

የኋለኛ ውርጭ ነገር ለሠለጠነውም አገር ጭንቀት መሆኑን ከዚሁ ከፈረንሳይ እናያለን። በመጋቢት መጨረሻ 2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2021 ሚያዝያ) በዚያ አገር ወይንና የፍራፍሬ ዛፍ እጅግ ብዙ ጠፋ። ከዚያ አስቀድሞ ቀኑ ሞቆ ስለ ነበረ ቡቃያው ያለ ጊዜው ወጥቶ ተገኘ፤ በክረምታቸው መካከል ምንም የማያደርገው ብርድ በዚያን ጊዜ አጠፋው። በጀርመን አገርና በአጎራባቾቹም ከግንቦት 3 እስከ 7 ቀን (በፈረንጅ ከሜይ 11 እስከ 15) የሚታሰቡ ቅዱሳን አሉ፤ ሕዝቡ «የበረዶ ቅዱሳን» ይላቸዋል። የመጨረሻዋ ሶፍያ ሳታልፍ ብርድ የሚፈራ ተክል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ይመካከራሉ።

እነርሱ በወር መቍጠራቸው አይገርምም፤ በአገራቸው የበጋና የክረምት ልዩነት ታላቅ ነውና። በእኛ ደጋ ግን የወሮቹ አማካይ ሙቀት እርስ በርሱ የሚለያየው በጥቂት ዲግሪ ብቻ ሲሆን፥ በበጋ የአንድ ቀን ቀትርና ሌሊት ከ15 ዲግሪ በላይ ሊለያዩ ይችላሉ። ብርዳችን በየሌሊቱ የሚመጣና የሚሄድ ነው። እንግዲህ «ጥምቀት አልፏል» ወይም «ታኅሣሥ ወጥቷል» ብሎ መተማመን ለእኛ መልካም ዋስ አይሆንም። የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በበጋ የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ መስማት ይገባል፤ እርሱ ግን ስለ ሰፊ አገር ይናገራል። ስለ እናንተ ጓሮ የሚናገረው በላዩ ያለው ሰማይ ነው። ምልክቶቹም ባልቴቲቱ የቈጠሩልኝ ናቸው፤ ደመና የሌለው ሰማይ፥ የጠራ ኮከብ፥ ዝም ያለ ነፋስ፥ ከጣራ በላይ የተኛ ጢስ።

ውርጭ ከመታ በኋላስ ምን ይደረጋል? እኔ በዚያን ቀን ከኀፍረቴ የተነሣ የጠቆረውን ድንች ሁሉ ነቅዬ ልጥል ዶማ አንሥቼ ነበር። ባልቴቲቱ ግን፥ «ልጄ፥ የሞተው ቅጠሉ ነው፤ ሥሩን ምን በደለህ? ተወው» ብለው ከለከሉኝ። እውነትም ድንች ከመሬት በታች ሕይወቱ ከተረፈ ዳግመኛ ያቈጠቍጣል። የደረቀው ቅጠል ወዲያው አይቈረጥ፤ ሌላ ውርጭ ቢመጣ ከሥሩ ላለው ልብስ ይሆናልና። ብርዱ በእርግጥ ካለፈና አዲሱ ቡቃያ ከታየ በኋላ የሞተውን ቈርጦ ማንሣት፥ ሥሩን በመጠን ማጠጣት ይገባል። ቲማቲምና ቃሪያ ግን እስከ ግንዳቸው ከጠቆሩ አይመለሱም፤ በስፍራቸው ሌላ ችግኝ ይተካ።

እኛም እንደ ተነገረን አደረግን። ድንቹ ዳግመኛ ለመለመ፤ ነገር ግን ለጾሙ አልደረሰም። ከፋሲካ በኋላ በቈፈርነው ጊዜ ያገኘነው ካሰብነው እኩሌታው አይሞላም፤ አብዛኛውም የዶሮ ዕንቍላል አያህልም ነበር። ለዘር የሚሆን ጥቂት ተመረጠ። በጾሙ ወራት ድንቹን ከገበያ ስንገዛ ባለቤቴ ያን ማታ አንድ ጊዜም አላነሣችውም፤ እኔ ግን በየሳምንቱ ገንዘቡን ስቈጥር አስታውሰው ነበር።

ዛሬ በቤታችን ሥርዓቱ ተለውጧል። ከጥቅምት እስከ የካቲት ድረስ ፀሐይ ወደ መጥለቋ ስትቃረብ ከሁለታችን አንዱ ወደ ደጅ ወጥቶ ሰማዩንና የጎረቤቱን ጢስ ይመለከታል። «ይልበስ» ያለው ወገን ቃሉ ይጸናል፤ «ይቅር» ያለው አይከራከርም። ያለ ምክንያት የለበሰ አትክልት ባለቤቱን የሚያስከፍለው የአንድ ማታ ድካም ነው፤ በሚያስፈልገው ማታ ሳይለብስ የቀረ ግን የሦስት ወር ድካም ይወስዳል።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፤ እናንተም ዛሬ ማታ ወደ ደጅ ውጡና ተመልከቱ። ጆንያዎቻችሁንም ከደጃፍ አታርቁ።